የሰርግ ዲቪዲዎቹ ሳይሞቱ፦ የሥራ ማስታወሻ ከድሬዳዋ

ቅዳሜ፣ ካርቶኑ ሲከፈት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ስቱዲዮ እየተዘጋ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ካሜራውንም መብራቱንም ሸጠዋል። ያልተሸጠው የማስተር ዲቪዲዎቹ ካርቶን ነው። ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. የተቀረጹ ሰርጎች፣ ኒካሆች፣ ምርቃቶች። ሰው እስከ ዛሬ እየመጣ «የሰርጋችን ካሴት ተበላሸብን፣ ኦሪጅናሉ አለ?» ይላቸዋል። «አቦ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ እንዳይጠፋ አድርገህ አስቀምጥልኝ» አሉኝ። ተረከብኩ።

ዲስኮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መጀመሪያ በዓይን ብቻ አየኋቸው። አብዛኞቹ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ክብ ስቲከር ተለጥፏል። ያኔ ፋሽን ነበር። ለዲስኩ ግን ጠላት ነው። በድሬ ሙቀት ሙጫው ይላላል፣ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ይነሳል፣ ዲስኩ በፍጥነት ሲሽከረከር ሚዛኑ ይዛባል። ልልጣቸው አሰብኩና ተውኩት። ዲቪዲ ላይ መረጃው ያለው በሁለት 0.6 ሚሊ ሜትር ፕላስቲኮች መሃል ስለሆነ ትንሽ ይችላል። ሲዲ ላይ ግን መረጃው ከጀርባው ቀለም ሥር ነው ያለው፤ ስቲከሩ ሲላጥ የሚያንጸባርቀውን ሽፋን ይዞት ሊነሳ ይችላል። ሰው ሁሉ የሚሳሳለት ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። ሲዲን የሚገድለው ግን የጀርባው ጭረት ነው።

ስቲከሩ የተነሳበትን ለብቻ አስቀመጥኩ። እነሱን በዝቅተኛ ፍጥነት ነው የማነበው።

ቅዳሜ ማታ፣ የመጀመሪያው ምርመራ

የምጠቀመው ዲቪዲዛስተር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። ፋይሎቹን አያይም። ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው በተራ ያነባል። ሴክተር ማለት ዲስኩ የሚነበብበት ትንሹ ቁራጭ ነው፤ 2048 ባይት ይይዛል። ባለ 4.7 ጊጋው ዲቪዲ ፕላስ አር 2,295,104 ሴክተር ይይዛል። የተነበበው አረንጓዴ፣ ያልተነበበው ቀይ ሆኖ በጠመዝማዛ ስዕል ላይ ይታያል። ጎኑ ላይ ደግሞ የንባቡ ፍጥነት መስመር አለ።

እኔ ከቀለሙ ይልቅ ያንን መስመር ነው የማየው። ምክንያቱም ዲስክ አታላይ ነው። ድራይቩ ራሱ እያነበበ ስህተት ያርማል፣ ግን ለማንም አይናገርም። ዲቪዲ ላይ በየ16 ሴክተሩ የሚሠራ እርማት አብሮ ተጽፏል። ሲዲም የራሱ አለው፤ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዱካ (መረጃው የተጻፈበት መስመር) በጭረት ቢቋረጥበት ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ዲስኩ እየተበላሸ ዓመታት ሲቆይ ቪዲዮው ምንም አይሆንም። ከዚያ እርማቱ የሚችለው ልክ ያልፋልና አንድ ቀን ድንገት ይቆማል። ሰው «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር» የሚለው ለዚህ ነው። የፍጥነቱ መስመር ግን ቀድሞ ይናገራል። ድራይቩ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታገል መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሴክተሩ አረንጓዴ ቢሆንም።

ቀዩ የሚበዛው ጠርዝ ላይ ነው። ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ውጭ ነው። ጣት የሚነካው፣ አቧራ የሚገባው፣ ስቲከሩ የሚነሳው ደግሞ ዳር ዳሩን። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ዲስክ ከሆነ የሰርጉ መጨረሻ፣ ማለትም መልሱና ቅልቅሉ ነው ቀድሞ የሚጠፋው።

እሑድ፣ ከየትኛው ይጀመር?

ሦስት ክምር ሆነዋል፦ ደህና፣ የደከመ፣ የማይነበብ። ጋሼ መጥተው አዩና «መጀመሪያ የታመሙትን ያዝ እንጂ» አሉኝ። ተከራከርን። እኔ የምጀምረው ከደህናዎቹ ነው።

የስህተት ማረሚያ ፋይል የሚሠራው ከሙሉ ዲስክ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ ጤነኛውን ዲስክ አንብቦ ከመረጃው ሒሳብ ያሰላና ውጤቱን በሌላ ፋይል ያስቀምጣል። ዲስኩ በኋላ ሲጎዳ የቀረውን መረጃና ያንን ፋይል አጋጥሞ የጎደለውን ያወጣል። ዲስኩ ላይ ቀድሞ የጎደለውን ግን ከምንም ማስላት አይቻልም። «እድር የሚገባው ሰው ሳይሞት ነው፤ አስከሬን ይዘው መጥተው መዝግቡን ቢሉ ማን ይሰማል?» ስላቸው ሳቁና ተስማሙ። የታመሙት ትዕግሥት ይፈልጋሉ፣ ጊዜም ይበላሉ። ደህናዎቹ ግን እያንዳንዳቸው በ4 እጥፍ ፍጥነት ከሩብ ሰዓት ገደማ በላይ አይወስዱም። ታማሚ ላይ ሳምንት ስፈጅ ደህናው ወደ ታማሚ ክምር እንዲዞር አልፈልግም።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «ለምን ሁለት ኮፒ አታደርገውም? አለቀ» አለኝ። ሁለት ኮፒ ጥሩ ነው። ግን ከአንድ ፓኬት የወጡ፣ በአንድ ቀን የተጻፉ፣ በአንድ መሳቢያ የኖሩ ሁለት ዲስኮች የሚታመሙትም አንድ ላይ ነው። የሚሞቱትም አንድ ቦታ ላይ፣ እዚያው ጠርዝ ላይ። ቦታውም ቢሆን ያው ይቆጠራል። 100 ሙሉ ዲቪዲ ኮፒ ለማድረግ 470 ጊጋ ያስፈልጋል። ለ100ው የማረሚያ ፋይል ግን 67 ጊጋ ይበቃል፤ ባለ 128 ፍላሽ ላይ ይገባል።

ሰኞ፣ ሒሳቡ

ከሒሳብ ጋር ለማይስማማ አንባቢ ይህንን ክፍል መዝለል ይቻላል። እኔ ግን የወደድኩት ይህንን ነው።

ዘዴው ሪድ ሰለሞን ይባላል። ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ሲዲውም ዲቪዲውም ውስጥ ያለው እርማት ከዚያው ቤተሰብ ነው። ቴሌብር ስንከፍል የምናነሳው ኪውአር ኮድ ትንሽ ተበላሽቶም የሚነበበው በዚሁ ነው።

ዲቪዲዛስተር በመደበኛ ልኩ 223 ባይት መረጃ ይወስድና 32 ባይት ማረሚያ ይጨምርበታል። ድምሩ 255። ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹም 32 ቢጠፉ፣ የጠፉበት ቦታ እስከታወቀ ድረስ ይመለሳሉ። ዲስክ ላይ ደግሞ ቦታው ይታወቃል፤ ድራይቩ «ይህንን ሴክተር ማንበብ አልቻልኩም» ይላልና። 32ን ለ223 ሲያካፍሉት 14.3 በመቶ ይመጣል። ለሙሉ ዲቪዲ 674 ሜጋ ገደማ ማለት ነው።

ብልሃቱ ያለው 223ቱ ባይቶች ከየት እንደሚመጡ ላይ ነው። ከአንድ ሰፈር አይደሉም። ሶፍትዌሩ ዲስኩን በ223 እኩል ክፍል ይቆርጠዋል። እያንዳንዱ ክፍል 10,292 ሴክተር ገደማ፣ ወደ 21 ሜጋ ይሆናል። ከዚያ ከየክፍሉ አንዳንድ ባይት እየለቀመ ያጣምራል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጭረት 21 ሜጋ ሙሉ ቢያጠፋ ከእያንዳንዱ ጥምር የሚጎድለው አንድ ባይት ብቻ ነው። በተከታታይ 674 ሜጋ ቢጠፋ እንኳን ከእያንዳንዱ ጥምር 32 ብቻ ይጎድላል፤ ይመለሳል። ጠርዙ ሙሉ በሙሉ የሞተ ዲስክ የሚድነው በዚህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጉዳቱ ዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም የተበተነ ከሆነ፣ የጠፋው ሁሉ ተደምሮ 14 በመቶ ባይሞላም አንዳንዱ ጥምር ከ32 በላይ ሊጎድልበት ይችላል። ያኔ ያ ጥምር አይመለስም። መረጃው በሚጻፍበት ቀለም ጥራት የማልተማመንባቸው ዲስኮች አሉ፤ በዚያ ዘመን ከድሬው ታይዋን ገበያ በጅምላ የተገዙ፣ ስም የሌላቸው። ለእነሱ ከፍ ያለውን ልክ መርጫለሁ። 64 ማረሚያ ባይት ነው፤ 33.5 በመቶ ይሆናል። ፋይሉ ይተልቃል፣ ይሁን።

ረቡዕ፣ የሚስማር ሙከራ

በሰው ሰርግ ላይ ከማመኔ በፊት መፈተን ነበረብኝ። የማንም ያልሆነ ቪዲዮ ዲቪዲ ላይ ጻፍኩ (በርን አደረግኩ)፣ ማረሚያ ፋይሉን ሠራሁ፣ ከዚያ ሚስማር አነሳሁ።

መጀመሪያ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ጫርኩት። ጥልቅ ነው፤ ዓይን ያስፈራል። ድራይቩ ግን ብዙም አልተቸገረም። በእያንዳንዱ ዙር ጭረቱን የሚያገኘው ለቅጽበት ስለሆነ የውስጥ እርማቱ ቻለው። ቀጥዬ ከጠርዙ ገባ ብዬ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ጫርኩት። ይኼኛው ቀጭን ነበር፣ ለዓይን የመጀመሪያውን አያህልም። ስዕሉ ላይ ግን ወፍራም ቀይ ቀለበት ወጣ። ጭረቱ ከዱካው ጋር አብሮ ስለሚሄድ መረጃው በተከታታይ ይጠፋል። ዲስክ ሲጠረግ ከመሃል ወደ ውጭ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ዙሪያውን እያሽከረከሩ የሚጠርጉ ሰዎች ሳይታወቃቸው ቀለበት እየሠሩ ነው።

ማረሚያ ፋይሉን ሰጥቼ አርም አልኩት። አረመ። የወጣውን ፋይል ከኦሪጅናሉ ጋር አነጻጸርኩት፤ አንድ ባይት ልዩነት የለም። ጋሼ ቆመው ነበር የሚያዩት። ሚስማሩን ተቀብለውኝ ዲስኩን ራሳቸው ጨመር አድርገው ጫሩት። አሁንም ታረመ። በስተመጨረሻ ግማሹን ሲቦጫጭሩት «አይቻልም» አለ፤ ልክ አለው።

ሐሙስና ዓርብ

ደህናዎቹን በጠዋት ነው የምሠራው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉም ድራይቩም ይግላል፤ ድሬ ደግሞ ከሰዓት የበርጫ እንጂ የሥራ ሰዓት አይደለም ይባላል። ቬንትሌተሩን ወደ ድራይቩ አላዞርም፣ አቧራ ይነፋበታል።

መብራት ሁለቱንም ቀን ሄዷል። የዴስክቶፑ ዩፒኤስ ለትንሽ ነው የሚይዘው። ደግነቱ በግማሽ የቀረ ንባብ አይባክንም። ሶፍትዌሩ ያልተነበቡትን ሴክተሮች ያውቃቸዋል፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቅዳሜ፣ ሳቢያን

ከደከሙት መሃል የ1999 ዓ.ም. አንድ ሰርግ አለ። ጠርዙ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። ማረሚያ ፋይል የለውም፤ ማንም አልሠራለትም። ሌላ ድራይቭ ላይ አድርጌ ሞከርኩት፣ የተወሰነ ጨመረልኝ። አንዱ ድራይቭ ያልቻለውን ሌላው ያነባል፤ ሌንሱና ማስተካከያው ይለያያልና። ለዚህ ዲዲሬስክዩ የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል። የተነበበውንና ያልተነበበውን በካርታ ፋይል ይመዘግባል፤ ድራይቭ ቀይሬ ስመለስ የጎደለውን ብቻ ይሞክራል።

አሁንም ቀዳዳ ቀረ። ጋሼ «ለሙሽራዋ ቤተሰብም አንድ ሰጥቻለሁ እኮ» አሉ። ሳቢያን ሰፈር ሄድን። የሙሽራዋ እናት ቡና አፍልተው ጠበቁን።

«ልጄ፣ ካሴቱን ይዘህብኝ ልትሄድ ነው?»

«ዛሬ ማታ እመልስልዎታለሁ እማማ። የእርስዎ የሌላውን ቀዳዳ ይሞላ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።»

«የኔማ ከሄደች ጀምሮ አልተከፈተም። ሳየው አለቅሳለሁ ብዬ ተውኩት።»

ዲስኩ ከነሽፋኑ ቡፌ ውስጥ ነበር። ጨለማ ነው፣ ማንም አልነካውም። ያም ቢሆን መሃሉ ላይ ትንሽ ቀይ አለው፤ ጠርዙ ግን ደህና ነው።

ሁለት ኮፒዎችን አጣምሮ አንድ ሙሉ ማውጣት የሚቻለው ሁለቱ በባይት አንድ ከሆኑ ብቻ ነው። ስቱዲዮው ከአንድ አይኤስኦ ኢሜጅ (የዲስኩን ይዘት ሁሉ በአንድ ፋይል ከያዘ ቅጂ) ሁለቱንም በርን አድርጎ ከሆነ አንድ ናቸው። ፎልደሩን ለየብቻ ጎትቶ ከሆነ ግን የፋይሎቹ አቀማመጥና የተጻፈበት ሰዓት ይለያያል፤ ሲጣመር ገንፎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱም ላይ ያለ ምንም ስህተት የተነበበውን ሰፊ ቦታ ወስጄ አነጻጸርኩ። አንድ ነው። ጋሼ በዚያን ጊዜ ሁሌ ከኢሜጅ ነበር የሚሠሩት፤ እንዲህ ይጠቅማል ብለው ግን አልነበረም፣ ስለሚፈጥንላቸው ነው።

የእማማን ዲስክ በዚያው የካርታ ፋይል ላይ አስነበብኩት። ቀዳዳው ተሞላ። ሁለቱም ላይ የሞቱ ጥቂት ሴክተሮች ቀርተዋል፤ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ምስሉ ለአንድ አፍታ ይሰባበርና ይቀጥላል። ከዚህ በላይ አልታገልም። ለእማማ አዲስ ኮፒ ሠርቼ ከነድሮው መለስኩላቸው።

ለዳነው ኢሜጅ ወዲያው ማረሚያ ፋይል ሠራሁለት። የተሰባበረችው ቦታ እንደተሰባበረች ናት፤ ሌላው ግን ከዛሬ ጀምሮ ተጠብቋል።

ማክሰኞ፣ አዲስ የሚጻፉት

ለአዲስ ዲስክ ሌላ መንገድ አለ። ማረሚያውን በተለየ ፋይል ከማድረግ ይልቅ ከመጻፉ በፊት ኢሜጁ ላይ መቀጠልና አብሮ በርን ማድረግ ይቻላል። ባዶ የቀረውን ቦታ ሁሉ ማረሚያ ይሞላዋል። ዲስኩ ሲታይ እንደ ማንኛውም ዲቪዲ ነው፤ ማጫወቻም ይከፍተዋል። ጥሩነቱ ማረሚያው ከዲስኩ አይለይም። መጥፎነቱም እሱው ነው፤ ዲስኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ለተጻፈ ዲስክ አይሆንም። ቦታም ይፈልጋል፤ እኔ ከ3.8 ጊጋ በላይ የሆነውን በዚህ መንገድ አልሠራም። ብዙዎቹ ሰርጎች ደግሞ ጢም ያሉ ናቸው። ባለ ሁለት ንብርብር 8.5 ጊጋ ዲስክ መግዛት ይቻል ነበር። ግን በጥራቱ አልተማመንም፣ ተውኩት። ለሙሉዎቹ የተለየው ፋይል ይበቃል።

የተለዩት ፋይሎችስ ራሳቸው ቢበላሹ? እነሱንም ሃርድ ዲስክ ላይና ዲቪዲ ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ዲቪዲ ላይ ስድስት ይገባሉ፤ እኔ ግን አምስት ብቻ አደርጋለሁ። 5 ጊዜ 674 ሜጋ ወደ 3.37 ጊጋ ነው። የቀረው 1.33 ጊጋ ለራሱ ለማረሚያው ዲስክ ማረሚያ ይሆናል። ጋሼ ይህንን ስነግራቸው «የዘበኛ ዘበኛ ቀጠርክ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ፎቶዎቹ

ፎቶዎቹ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፣ በየሰርጉ ፎልደር ተከፍለው። ለእነሱ ዲቪዲዛስተር አይሆንም። ፓር 2 የሚባለው ነው የሚሠራው፤ ሒሳቡ ያው ሪድ ሰለሞን ሆኖ የሚጠብቀው ዲስኩን ሳይሆን ፋይሎቹን ነው። ለየፎልደሩ 10 በመቶ አደረግኩ። አንድ ፎቶ ቢበላሽ ወይም ጭራሽ ቢጠፋ፣ የጎደለው ከማረሚያው መጠን እስካልበለጠ ድረስ ይመልሰዋል። የየፋይሉን አሻራም ስለሚይዝ ምንም ሳይታይ የተለወጠ ፎቶ ካለ ያጋልጣል።

ፎልደሩ ላይ አዲስ ፎቶ ከተጨመረ ግን እሱ ጥበቃ የለውም፤ እንደገና መሥራት ነው። የሰርግ ፎቶ አንዴ ካለቀ ስለማይጨመርበት ለእኔ ችግር የለም። ፓር 2ን ዲስክ ላይ ከፋይሎቹ ጋር አብረው የሚጽፉም አሉ። እኔ አልወደውም። የዲስኩ ማውጫ ያለበት ቦታ ከሞተ ፎቶውም ማረሚያውም አይታይም።

ቅዳሜ፣ ማስቀመጫ

የማረሚያ ዲስኮቹ እዚህ አይቀመጡም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ ስንት ቤት ከነዕቃው እንደሄደ የድሬ ሰው አይረሳውም። ዋናውም መድኃኒቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ቢሆኑ ምን ዋጋ አለው? የጋሼ እህት ሐረር ናቸው። ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከተማዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ እንደ ድሬ አትግልም። ሙቀትና ፀሐይ የዲስክን ቀለም ስለሚያደክሙ ለዲስክ ከድሬ ሐረር ይሻላል። ዋናዎቹ እዚህ፣ ማረሚያዎቹ እዚያ፣ የሁሉም ሌላ ኮፒ ደግሞ እኔ ጋ ሃርድ ዲስክ ላይ።

ስቲከር አልለጠፍኩም። በውሃ የተሠራ ለዲስክ የሚሆን ማርከር አግኝቼ መሃሉ ላይ፣ መረጃ በሌለበት ግልጽ ቀለበት፣ ቁጥር ብቻ ጻፍኩ። ስሙ፣ ቀኑና የትኛው ማረሚያ ፋይል የእሱ እንደሆነ ደብተር ላይ ነው። ጋሼ ደብተሩን ወስደው የማስታወሻ ቦታውን ሞሉት፦ «ሙሽራው ዘግይቶ የመጣበት»፣ «ዝናብ የጣለበት»። እኔ ያልጠየቅኩት ነገር ነው፤ ግን ሰው መጥቶ ሲጠይቅ የሚፈለገው በዚያ ነው።

የቪሲዲው ካርቶን ገና አልተነካም። ከዲቪዲ በፊት የነበሩ ሰርጎች ናቸው። ዲቪዲዛስተር የሚሠራው በ2048 ባይት የዳታ ሴክተር ነው። ቪሲዲ ግን ቪዲዮውን ባለ 2324 ባይት ሴክተር ላይ ነው የሚጽፈው፤ ቦታውን ያገኘው ዳታ ሲዲ ላይ ያለውን ተጨማሪ እርማት ትቶ ነው። ስለዚህ ከሁሉም ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው ብዬ እፈራለሁ። ፋይሎቹን አውጥቼ ሃርድ ዲስክ ላይ በፓር 2 እይዛቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ እሱን እጀምራለሁ።